አፍንጫዬን ሰርጀሪ ልሰራ ወይስ ይቅርብኝ? እንዴት እንደሚወሰን

ይሄን የምጽፈው አፍንጫዬን ልሰራው ወይስ ልተወው እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ነው። ለመጻፍ እንዲቀለኝ አንቺ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ወንዶችም ግን ብዙ ናችሁ ስለዚ ራሳችሁን አስገቡበት። በኛ ቋንቋ ስለዚ ጉዳይ የሚወራው ወይ "ፈጣሪ ሲሰጥሽ ምን ጎደለብሽ" ነው ወይ የክሊኒክ ማስታወቂያ ነው፣ ረጋ ብሎ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ብዙም አላየሁም። እኔ ተሰሪም አትሰሪም አልልሽም። ግን ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ ሆነሽ የምትጨርሺው ስራ አለ፣ እሱን ሳትጨርሺ ከሄድሽ ውሳኔው ያንቺ መሆኑ ይቀርና ወይ ኢንስታግራም ላይ ያየሽው ፎቶ ወይ ደላላው ወይ ሰርጀኑ ይወስንልሻል።

መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሆነ ለዪው

"አፍንጫዬ አያምርም" ብለሽ ብትሄጂ ሐኪሙ በዚ ምንም ሊሰራ አይችልም። ከላይ ከአይኖችሽ መሃል የሚጀምረው ክፍል አጥንት ነው፣ ከሱ ዝቅ ሲል ካርቲሌጅ ይሆናል፣ ጆሮሽ ላይ ያለው አይነት የሚተጣጠፍ ለስላሳ አጥንት ማለት ነው፣ ጫፉ የራሱ ካርቲሌጅ አለው፣ ከዛ ግራና ቀኝ ክንፎቹ አሉ፣ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ቀዳዳ የሚለየው ግድግዳ አለ። እያንዳንዱ የሚነካበት መንገድም የሚያመጣው ችግርም ይለያያል። ስለዚ ወረቀት አምጪና አንድ አረፍተ ነገር ጻፊ፣ "ከጎን ሲታይ መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ" ወይም "ስስቅ ክንፎቹ ሲሰፉ" ወይም "ጫፉ ወደታች መውደቁ"። አንድ ብቻ ነው የምትጽፊው። ካቃተሽ ወይም በየሳምንቱ የምትጽፊው ነገር የሚቀያየር ከሆነ ገና ነሽ ማለት ነው፣ ኮንሰልቴሽን ለመያዝ አትቸኩዪ።

ሌላው ፎቶው ነው፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሰልፊ ላይ የምታይው አፍንጫ ሰው የሚያየው አፍንጫ አይደለም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት በ30 ሴንቲሜትር ርቀት የተነሳ ሰልፊ በ1.5 ሜትር ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን ወደ 30 ፐርሰንት አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቶ ነበር፣ ምክንያቱም አፍንጫ ከጆሮና ከጉንጭ ይልቅ ለካሜራው በጣም ይቀርባል። ጉዱ የሚመጣው ከዛ በኋላ ፊልተር ስትጨምሪበት ነው፣ አብዛኛው ፊልተር ሳይጠይቅሽ አፍንጫሽን ያቀጥነዋል፣ ስለዚ በቀን አስር ጊዜ ወይ ከእውነቱ የሰፋ ወይ ከእውነቱ የቀጠነ አፍንጫ ነው የምታይው፣ ትክክለኛውን ግን አታይውም። እንዲህ አድርጊ፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሚ፣ ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በኋለኛው ካሜራ ትንሽ ዙም አድርጎ ያንሳሽ፣ ከፊት፣ ከግራ ጎን፣ ከቀኝ ጎን፣ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ከስር፣ አንድ ደግሞ እየሳቅሽ። ሰርጀን ጋ ብትሄጂም የሚያነሳሽ በዚሁ መልክ ነው። ከዛ ፎቶዎቹን አስቀምጫቸውና ከሶስት አራት ሳምንት በኋላ ክፈቻቸው፣ ያቺ የጻፍሻት አረፍተ ነገር አሁንም ፎቶው ላይ ትታያለች ወይ?

ከመቼ ጀምሮ፣ ለማን ብለሽ

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ልጅ ገና ሳይናገር "የአባቷን ሰልካካ አፍንጫ ወሰደች" ወይም "ውይ የእናቷን ጎራዳ" እየተባለ ነው የሚያድገው፣ ዘፈኑም ሙገሳውም ሰልካካ ነው። ክፉ ብለው አይደለም የሚሉት ግን ልጅቷ ውስጥ ይቀራል፣ 25 አመት ሲሆናት መስታወት ፊት ቆማ የምትሰማው የአክስቷን ድምጽ ነው። እና እራስሽን ጠይቂ፣ ይሄ ነገር የጀመረሽ መቼ ነው? ከልጅነትሽ ጀምሮ ሁሌም እዛው ቦታ ላይ ያለ ቅሬታ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ካለፈው ፍቅረኛሽ ጋር ከተለያያችሁ ወዲህ ወይም ስራ ካጣሽ ወዲህ ወይም ወደ ሌላ ሀገር ከሄድሽ ወዲህ የመጣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ነገር ላይ የኔ ምክር ቢያንስ አንድ አመት ቆዪ ነው። ባል ወይ እጮኛ "ብትሰሪው እኔ እከፍላለሁ" ካለሽ ደግሞ ገንዘቡን ከመቀበልሽ በፊት ስለ አፍንጫው ሳይሆን ስለ ሰውዬው አስቢ።

እኔ በጣም የምወደው ፈተና አለ። ኦፕሬሽኑ ተሳክቶ አንድም ሰው ባያስተውል፣ "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ" የሚል ባይኖር ደስ ይልሻል? አዎ ካልሽ ለራስሽ ነው የምትሰሪው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የምትፈልጊው ለውጥ ግማሹ ብቻ ቢመጣ ይበቃሻል? ይሄን በተለይ በደንብ መልሺ ምክንያቱም በእውነት ሊመጣ የሚችለው እሱ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በቀን ሰአታት መስታወት ፊት የምታሳልፊ ከሆነ፣ አፍንጫሽን ሰው እንዳያየው ብለሽ ሰርግ ለቅሶ የምትቀሪ ከሆነ፣ የምትቀርቢያቸው ሰዎች ሁሉ "የቱ ጋ ነው የምትይው" እያሉሽ እነሱ የማያዩት ነገር ላንቺ ፊትሽን ሙሉ የያዘ ከሆነ፣ ይሄ ስም ያለው ህመም ነው፣ ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ይባላል፣ ከ100 ሰው ወደ 2 የሚሆነው ላይ ይገኛል፣ የውበት ሰርጀሪ ከሚፈልጉት መሃል ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ለሱ ሰርጀሪ አይሰራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕሬሽን በኋላ ጭንቀቱ እዛው ይቀጥላል ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዞራል። የሚረዳው የንግግር ህክምናና አንዳንዴ መድሃኒት ነው። ሳይካትሪስት ሲባል ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ትዝ እያለው ይፈራል፣ ግን አሁን የግል ሳይኮሎጂስትም አለ፣ በስልክና በቪዲዮ የሚያናግሩም አሉ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እድሜን በተመለከተ አጭር ነው፣ ፊት እድገቱን ሳይጨርስ አይነካም፣ ሴት ልጅ ቢያንስ 15 ወይ 16፣ ወንድ 17 አካባቢ መድረስ አለበት። ልጅሽ 14 አመቷ ሆኖ እያለቀሰች ከሆነ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ማን እያሾፈባት እንደሆነ እወቂ።

መተንፈሱን አትርሺ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ አፍንጫ የሚተነፈስበት ነው። አፍንጫሽ አንዱ ጎን ሁሌ ይዘጋል? ማታ አፍሽን ከፍተሽ ነው የምትተኚው? ልጅ ሆነሽ ወድቀሽ ወይ ኳስ መቶሽ ያውቃል? እንዲህ ከሆነ ውስጠኛው ግድግዳ ጠሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ውስጡ ያለው ስጋ አብጦ ነው፣ ወይ አለርጂ ነው። ቤትሽ ሆነሽ የምትሞክሪው ነገር አለ፣ ከአፍንጫሽ አጠገብ ጉንጭሽ ላይ ሁለት ጣትሽን አድርጊና ቆዳውን ቀስ ብለሽ ወደ ጆሮሽ በኩል ሳቢው፣ እንደዛ ይዘሽ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ ድንገት ቀለል ብሎ ከተከፈተልሽ አየሩ የሚጠብበት ቦታ እዛ የጎኑ ግድግዳ አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ለሐኪሙ ንገሪው። ምርመራን አይተካም ግን የምትናገሪው ነገር ይኖርሻል።

ስለዚ መጀመሪያ የምትሄጂው ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ነው፣ ውበት ክሊኒክ አይደለም። ለምን ብትይ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ የጠመመውን ግድግዳ ማስተካከል ህክምና ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ ኢንሹራንሳችሁ ሐኪሙ ችግሩን በደንብ መዝግቦ ካቀረበ ያንን ክፍል ሊሸፍን ይችላል፣ የውበቱን ክፍል ግን አይሸፍንም፣ እስራኤል ያላችሁም ኩፓት ሆሊም (የጤና ኢንሹራንሱ) ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ እና ሁለቱን በአንድ ኦፕሬሽን አንድ ላይ ማሰራት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ይሄኛው ይበልጣል፣ አፍንጫ ሲቀጥን የአየሩ መንገድም አብሮ ይጠባል። ድጋፉን ሳይጠብቁ ብዙ የቆረጡለት አፍንጫ ከአመታት በኋላ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ባለቤቱ ሲተነፍስ ይጣበቅበታል። አሁን በደንብ የምትተነፍሺ ከሆነ ይሄ ሀብትሽ ነው፣ የማይነካ ነገር እንደሆነ ለሰርጀኑ ንገሪው።

ትናንት ወድቀሽ አፍንጫሽ የተሰበረ ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ማንበብ አቁሚና ሂጂ፣ አጥንቱ ገና ሳይጠግን ባለው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ በቀላሉ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፣ ካለፈ ግን ወራት ጠብቀሽ ትልቁን ኦፕሬሽን ነው የምትሰሪው። ከወደቅሽ በኋላ አፍንጫሽ ውስጥ ግድግዳው ላይ እብጠት ካለና ሁለቱም ጎን ከተዘጋ በዛው ቀን መታየት አለበት፣ ደም ተቋጥሮ ካርቲሌጁን ሊያጠፋው ይችላል።

የኛ አፍንጫና የእነሱ ፎቶ

ቴህራን የአፍንጫ ሰርጀሪ ከተማ ተብላ ትታወቃለች፣ ኢስታንቡልም ቤሩትም እንደዛው። ቤሩት የሰራችሁ እህቶቻችን ታውቁታላችሁ፣ ማዳሟም ልጇም ጎረቤቷም በየተራ ፕላስተር ለጥፈው ሲወጡ አይታችኋል፣ በ2007 እዛ አንድ ባንክ ለፕላስቲክ ሰርጀሪ ብቻ ብሎ ብድር አውጥቶ ነበር። እነዚ ሀገሮች ላይ በብዛት የሚሰራው ግን ጉብታ መቀነስ ነው፣ ትልቅ የሆነ አጥንት ይቀነሳል፣ የወደቀ ጫፍ ከፍ ይደረጋል። ከኛ ብዙዎቻችን የምንፈልገው ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ላዩ ከፍ እንዲል፣ ጫፉ እንዲሾል፣ ክንፉ እንዲጠብ። ይሄ መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው፣ ካርቲሌጅ ከውስጠኛው ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን አጥንት ተወስዶ ነው የሚገነባው። ጥበቡ ሌላ ነው። አንድ ሰርጀን 500 ጉብታ በሚያምር ሁኔታ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት ያንቺን ይሰራል ማለት አይደለም። እና ስታወሪው የምትጠይቂው "እኔን የሚመስል ሰው፣ የኔ አይነት ቆዳ ያለው፣ ከአንድ አመት በኋላ የተነሳ ፎቶ አሳየኝ" ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ወይም በወሩ የተነሳ ፎቶ ምንም አያሳይም።

ስለ ቆዳ ደግሞ። ብዙዎቻችን ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ወፍራምና ቅባታም ነው። ሰርጀኑ ስሩ ያለውን ካርቲሌጅ የፈለገውን ያህል ቢያሾለው፣ ጋቢ የደረበ ሰው ወገቡ እንደማይታየው ሁሉ ከላይ ቶሎ አይታይም፣ እብጠቱም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ አመት ወይም አመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚ ቀጭን ቆዳ ያላት ሴት ላይ ያየሽውን የሾለ ጫፍ ስክሪንሾት አድርገሽ ይዘሽ አትሂጂ። "ይሄን የመሰለ አደርግልሻለሁ" ብሎ ወዲያው የሚስማማ ሰርጀን ካገኘሽም ተጠራጠሪ፣ ጥሩው የሚልሽ "ባንቺ ቆዳ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚህ አያልፍም" ነው።

ክንፍ የሚጠበው ከስሩ ትንሽ ስጋ ተቆርጦ ነው፣ ጠባሳው አፍንጫና ጉንጭ የሚገናኙበት እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ኬሎይድ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚሄድ ጠባሳ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል፣ አፍንጫ ላይ መውጣቱ ብርቅ ቢሆንም ጆሮሽን ስትበሺ አብጦብሽ የሚያውቅ ከሆነ ወይ ክንድሽ ላይ ክትባት የተወጋሽበት ቦታ ካበጠ የግድ ንገሪ። ጠቆር ያለ ምልክት ሊቀርም ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከክንፍ የተቆረጠ ነገር ተመልሶ አይቀጠልም። ጥቂት አስቆርጪ፣ ካነሰሽ ሌላ ጊዜ ይጨመራል፣ ከበዛ ግን የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሲሊኮን እናስገባ ካሉሽ ደግሞ ለምን ከራሴ ካርቲሌጅ እንደማይሆን ጠይቂ። ሲሊኮን ርካሽና ፈጣን ነው፣ ግን ባዕድ ነገር ስለሆነ ከአመታት በኋላም ሊያመረቅዝ ወይም ቆዳውን ገፍቶ ሊወጣ ይችላል።

ፊለር

ፊለር ማለት ቅርጽ ለመሙላት ቆዳ ስር በመርፌ የሚወጋ ነገር ነው። ይሄን ለብቻው ልጻፈው ምክንያቱም ብዙ ልጆች "ሰርጀሪ ከምሰራ መርፌውን ልሞክር" ይላሉ፣ ቀላል ስለሚመስል። እኔ ከሰርጀሪው ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። ፊለር አፍንጫ ላይ መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም፣ ሰፊን አያጠብም። አፍንጫ ላይ ያሉት የደም ስሮች ደግሞ ወደ አይን ከሚሄዱት ጋር የተገናኙ ናቸው፣ ፊለሩ በስህተት ደም ስር ውስጥ ከገባ ቆዳው ደም አጥቶ ይሞታል፣ አይን እስከማጥፋትም ደርሷል። ፊለር ከሚወጋባቸው ቦታዎች አደገኛ ከሚባሉት አንዱ አፍንጫ ነው፣ የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለአፍንጫ ብሎ አላጸደቀውም። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለውን የፊለር አይነት የሚያሟሟ መድሃኒት አለ፣ ግን በፍጥነት መሰጠት አለበት፣ እና ያ መድሃኒት በጸጉር ቤትና በሳሎን ውስጥ አይገኝም። ስለዚ ሳሎን ውስጥ፣ ቤት ድረስ መጥታ የምትወጋ ልጅ ጋ፣ በፍጹም። ከተወጋሽ በኋላ ቆዳው ከነጣ ወይም እንደ መረብ ከጠቆረ ወይም አይንሽ ከደበዘዘ "ነገ አየዋለሁ" አይባልም፣ በዛው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የአፍንጫ መቆንጠጫው፣ ማሳጁ፣ ክሬሙ አጥንትም ካርቲሌጅም አይቀይሩም፣ ገንዘብሽን ያዢ። ለሰርግ ቀን ብቻ ከሆነ ጎበዝ ሜካፕ አርቲስት በኮንቱር ትጨርሰዋለች።

ሰርጀኑን እንዴት ትመርጫለሽ

የአፍንጫ ሰርጀሪ የሚሰራው የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ወይም ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ሆኖ በፊት ፕላስቲክ ሰርጀሪ የሰለጠነ ሰው ነው። "ኮስሜቲክ ዶክተር" የሚለው ስም ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የፕላስቲክ ሰርጀኖቻችን አብዛኛው ስራቸው ቃጠሎ፣ ከንፈር መሰንጠቅና አደጋ ነው፣ የካቲት 12ም አለርትም ብትሄጂ ወረፋው እሱ ነው፣ እጃቸው የተፈተነ ነው፣ ግን የውበት አፍንጫ በወር ስንት እንደሚሰሩ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ጥሩ ሐኪም በዚ አይቀየምም። አሜሪካ ያለሽ የስቴትሽ ሜዲካል ቦርድ ድረገጽ ላይ ስሙን ጽፈሽ ፈቃዱንና ተቀጥቶ እንደሆነ ማየት ትችያለሽ፣ ዱባይ በከተማው የጤና ባለስልጣን በኩል፣ እስራኤል በጤና ሚኒስቴር መዝገብ ስፔሻሊቲው ይታያል። ቱርክ ለውጭ ታካሚ የሚሰራ ቦታ ከጤና ሚኒስቴሩ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ስለ ቱርክ ፓኬጅ አንድ ነገር ልበል፣ ሆቴል፣ ከኤርፖርት መቀበያና ሰርጀሪ አንድ ላይ የሚባለውን። እዛ በጣም ጎበዝ ሰርጀኖች አሉ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ ዋትሳፕ ላይ የምታወሪው ሰው ደላላ መሆኑ ነው፣ ባመጣው ሰው ቁጥር ኮሚሽን ነው የሚከፈለው፣ ሰርጀኑን የምታይው በኦፕሬሽኑ ቀን ጠዋት ነው፣ አውሮፕላን ተሳፍረሽ፣ ከፍለሽ፣ ለቤተሰብ ተናግረሽ ከመጣሽ በኋላ "አይ ይቅርብኝ" ማለት የሚችል ሰው ስንት ነው? እንግሊዝ ሀገር በ2016 በወጣው የሙያ ደንብ የሚሰራሽ ሰርጀን ራሱ ሊያናግርሽ ይገባል፣ ለማሰብም ጊዜ ይሰጥሻል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት። አንቺም የትም ሀገር ብትሰሪ ይሄን ደንብ ለራስሽ ውሰጂው፣ ሰርጀኑን በቪዲዮም ቢሆን ራሱን ሳታናግሪ ብር አትላኪ፣ ካናገርሽው በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀብድ አትክፈይ። "ዛሬ ከከፈልሽ ቅናሽ አለ" የሚል ቦታ ውስጥ ፊትሽን አታስነኪ።

ጥሩ ኮንሰልቴሽን ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ጓደኛዬን ይዤ ሄጄ አይቻለሁ። ሐኪሙ ፎቶ ከማየቱ በፊት የጥጥ እንጨትና መስታወት ሰጣትና "የሚያስቸግርሽ ቦታ ላይ አድርጊልኝ" አላት፣ እሷ ስታወራ ዝም ብሎ ሰማ። ከዛ የአፍንጫዋን ጫፍ በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው፣ ቶሎ ብሎ የሚመለስ መሆኑን ማለትም ድጋፉ ጠንካራ መሆኑን ነው የሚያየው፣ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ውፍረቱን አየ፣ በብረቷ መክፈቻ ከፍቶ በመብራት ውስጡን ሁለቱንም ጎን አየ፣ ትንፋሽሽን በአፍንጫሽ በረጅሙ ሳቢው አላት፣ ጉንጯን ሳብ አድርጎ ደገመው። ከሁሉም በኋላ ነው ፎቶ ያነሳውና ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ቀይሮ ያሳያት፣ ይሄ ምስል መግባቢያ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም ብሎ። አንድ ሐኪም የአፍንጫሽን ውስጥ ሳያይ ዋጋ ከነገረሽ ተነስተሽ ውጪ፣ የኔ ትልቁ መስፈርት ይሄ ነው።

መጠየቅ ያለብሽ፣ ኦፕንድ ነው ወይስ ክሎዝድ (ክሎዝድ ላይ ሁሉም የሚቆረጠው ከውስጥ ነው፣ ኦፕንድ ላይ በሁለቱ ቀዳዳ መሃል ትንሽ ጠባሳ ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይደበዝዛል)፣ ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው፣ ችግር ቢፈጠር ወደ የት ሆስፒታል ነው የምሄደው፣ ባልወደው ሁለተኛው ኦፕሬሽን ማን ይከፍላል፣ እና "እኔ ላይ የማትሰራው ነገር ምንድነው?" የሚለው። ከ100 ሰው በግምት ከ5 እስከ 15 የሚሆነው ሁለተኛ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል ይባላል፣ የትም ሀገር፣ ጎበዝ እጅ ላይም። "የኔ በሽተኞች አንድም ተመልሶ አያውቅም" የሚል ሰው እውነት አይናገርም።

ጊዜው፣ ገንዘቡ፣ ቤተሰቡ

አሜሪካ ውስጥ የሰርጀኑ፣ የማደንዘዣውና የክፍሉ ሲደመር ብዙ ቦታ ከ10,000 ዶላር ያልፋል። ዕቁብ ሲወጣልሽ ሁሉንም እዛ ላይ አታፍሽው፣ ለሁለት ሳምንት ስራ መቅረትና ሁለተኛ ኦፕሬሽን ቢያስፈልግ የሚሆን ካልቀረሽ ገና አልደረሰልሽም ማለት ነው። አረብ ሀገር ቤት ውስጥ የምትሰሪ እህቴ ይሄን በተለይ አስቢው፣ ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሳት፣ የወጥ ቤት እንፋሎትና የኬሚካል ሽታ ከሳምንታት በፊት አይፈቀድልሽም፣ አሰሪሽ ያን እረፍት በእውነት ትሰጥሻለች ወይ?

አፍንጫሽ ላይ ያለው ስፕሊንት ማለትም ጠንካራው መደገፊያ የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ነው፣ ከአይን ስር ያለው መበለዝ አስር ቀን፣ ሁለት ሳምንት። መነጽር ከ4 እስከ 6 ሳምንት አፍንጫሽ ላይ አያርፍም፣ በአፍንጫ መናፈጥ ለሁለት ሳምንት ያህል የለም፣ ስታስነጥሺ አፍሽን ከፍተሽ ነው። ጂም ቢያንስ ከወር በኋላ ነው፣ ሰውነት የሚጋጭበት ጨዋታ ደግሞ ከዛም ይዘገያል። ስፕሊንቱ የሚነሳበት ቀን ብዙ ሰው ያለቅሳል፣ አብጦ፣ ጫፉ ወደላይ ተገልብጦ፣ ከበፊቱ ሰፍቶ ታይዋለሽ። ያ አፍንጫሽ አይደለም፣ እብጠት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደበር የተለመደ ነው፣ ስለዚ በዛን ሰሞን ብቻሽን አትሁኚ፣ ውጭ ሀገር ብቻሽን ሆቴል ውስጥ ማሳለፉን የማልወደው ለዚ ነው።

ጥር ላይ ሰርግሽ ከሆነ ካለፈው አመት መጀመሪያ ላይ መሰራት ነበረብሽ፣ ካልሆነ ከሰርጉ በኋላ ይሁን። የእህትሽ ሰርግ ላይም ቢሆን። ጥየቃውንም አስቢበት፣ ሐኪም ቤት ገባች ከተባለ ዘመድ በሙሉ ሙዝና ጁስ ይዞ ይመጣል፣ ያበጠ አፍንጫሽን አይቶ ሁሉም የራሱን ይላል፣ "ድሮ ይሻልሽ ነበር" የሚል አንድ አይጠፋም። ለማን እንደምትነግሪ ቀድመሽ ወስኚ፣ እናትሽ ወይ እህትሽ በር ላይ ሆና "ተኝታለች" የምትልልሽ ትሁን። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ ሌላ ክፍል ግቢ።

እምነትሽን በተመለከተ መልስ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ግን ካሰብሽበት ንስሐ አባትሽን ወይም ኡስታዝሽን ከመሰራትሽ በፊት ጠይቂ። ከተሰራ በኋላ የሚመጣ ጸጸት በጣም ከባድ ነው። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ላይ አትያዢው፣ እስከ ዘጠኝ ሰአት ወይም እስከ መግሪብ ባዶ ሆድ ሆነሽ መድሃኒት መውሰድና ቁስል ማዳን አይሆንም።

ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይቁም፣ ሁለቱም ለቆዳው የሚደርሰውን ደም ይቀንሳሉ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በራስሽ አትውሰጂ፣ ሐኪም ያዘዘልሽ ከሆነ ደግሞ ሳታማክሪ አታቁሚ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ክኒን፣ አብሽ፣ የብጉር ክኒን፣ የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪ፣ "ይሄ እኮ መድሃኒት አይደለም" ብለሽ አትዝለዪ፣ አንዳንዶቹ ደም መርጋትን ይነካሉ።

ሁሉን አይተሽ ይቅርብኝ ካልሽ ያ ውሳኔ ነው፣ ፈርቼ ነው ብለሽ እራስሽን አትውቀሺ፣ ፎቶዎቹን ግን ፎልደር ውስጥ ተዪያቸው፣ ከአመት በኋላ ሐሳብሽ ቢመለስ መነሻ ይሆኑሻል። ከተሰራሽ ደግሞ ሆስፒታሉን ከመልቀቅሽ በፊት የኦፕሬሽን ሪፖርቱን በጽሁፍ ውሰጂ፣ ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተጨመረ፣ ካርቲሌጁ ከየት እንደተወሰደ የሚል፣ ከውጭ የምትመለሺ ከሆነ ፓስፖርት ላይ ያለው ፎቶሽና ፊትሽ ስለሚለያይ ከሆስፒታሉ ማህተም ያለው ደብዳቤም ያዢ። ውጤቱን ባትወጂው 12 ወር ሳይሞላ ማንም እንዲነካው አትፍቀጂ፣ እብጠቱና ጠባሳው ሳይበስል የሚደረግ ሁለተኛ ኦፕሬሽን ያበላሻል፣ አመቱ ሲሞላና ሁለተኛ ሰርጀን ጋ ስትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ያቺን ሪፖርት ነው።